የሰኞ ጠዋት ክትባት

አምቦ፣ ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ጌዶ ላለኸው ታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ከጌዶ የመጣ ሰው ገበያ ላይ አየኋት ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ተሸክማ እንዳያት ሲጨምርልኝ ግን ደስታዬ ጠፋ። ቤቱ ውስጥ ወንድ እያለ እሷ ጆንያ የምትሸከመው ለምንድን ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። ከጤናዬ በቀር ደህና የሆነ ነገር ስለሌለ ሰላምታውን ላሳጥረው።

ለምን አትደውዪም እንዳትለኝ። አንተን በስልክ ማስረዳት አቅቶኛል። ሁለት ቃል ሳልናገር አይ አንቺ ልጅ ብለህ ትስቃለህ፣ ከዚያ ደንበኛ መጣ ትላለህ፣ መስመሩም እንዳንተው ነው፣ ይቋረጣል። ወረቀት አያቋርጠኝም። እባክህ የሱቁን በር ገርበብ አድርግና ፎቶኮፒ ማሽኑን አጥፍተህ ቁጭ በል። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ የምነግርህ ያንተን ሥራ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከፋሲካ በፊት ነው። ቢሮአችን ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ ውጭ አገር ያሉ ለጋሾች የሚረዷቸውን ልጆች እንከታተላለን። የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ፎቶው፣ የሚኖርበት ቀበሌ፣ ማን እንደሞተበት፣ አሳዳጊው ምን እንደታመመ፣ ሁሉም ኮምፒውተራችን ውስጥ አለ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለ። በአምቦ ቢሮ ስም ለለጋሾች ኢሜይል እየደረሳቸው ነው አሉ። እኔ የምስጋና ነገር መስሎኝ ነበር። አንዲት ባልቴት፣ አንድ የጉደር ልጅ የሚያስተምሩ ደግ ሴት፣ ከእናንተ ቢሮ ስለ ወንዶች ጉልበት መድኃኒት ማስታወቂያ ደረሰኝ፣ ልጁ ምን ሆኖ ነው ብለው ጽፈዋል። ስልኩን ያነሡት ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ፈዬራ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆናቸውን ታውቃለህ፤ የሰሙትን ለእኛ ለመድገም እንኳ አፍረው በወረቀት ጽፈው ነው ያሳዩን።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሥራው እንዲህ ነው፤ አንተም ብታውቀው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ኮምፒውተር ወደ ውጭ ሲገናኝ ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚዘረዝር ትእዛዝ አለ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ትጽፈዋለህ፣ እሱም አድራሻዎቹን ይደረድርልሃል። ኢሜይል ከፍተህ ከሆነ የኢሜይሉን አድራሻ ታያለህ፤ ጋዜጣ እያነበብክ ከሆነ የጋዜጣውን። ማንም ሳይነካው ቁጭ ያለ ኮምፒውተር ግን እኛ ዘመድም ጉዳይም ከሌለን አገር ጋር የሚያወራው ምን አለው? የእኛዎቹ ያወሩ ነበር። አንዱ ሲዘጋባቸው ሌላ ይከፍታሉ፣ ያም ሲዘጋ ሌላ። ሌባ እንኳ ያርፋል፤ እነዚህ አያርፉም።

የማረጋግጥበት ጊዜም አላጣሁም። እዚህ ሥራ የሚጀመረው በጸሎት ነው። ኮምፒውተሮቹ ተከፍተው ይተዉና ሁላችንም አዳራሽ እንገባለን፤ ወንበሩ ላይ የሚቀር ሰው የለም። በዚያ ሰዓት ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር ካለ ሰው የላከው አይደለም ማለት ነው። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሞደሙን በመስታወቱ አሻግሬ አየዋለሁ። መዝሙሩ አልቆ፣ ኦቦ ፈዬራ ስለ ዝናቡና ስለ አገሩ እየጸለዩ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሞደሙ መብራት ብቻ ያበደ ይመስላል። የሒሳብ ኃላፊያችን ወይዘሮ ዘነበወርቅ አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ ነው እንዴ የምትጸልዪው አሉኝ። እሳቸውስ ጨፍነው ከነበር በምን አዩኝ?

ቅዳሜ ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ቀርቼ አጸዳሁ። አንድ በአንድ ፋይሉን ወደ ጎን አውጥቼ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግሁት፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ያንን ትእዛዝ ደጋግሜ ጻፍኩ። ጸጥ አሉ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጸሎት ላይ መብራቱ እንደገና አበደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሜ አጸዳሁ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ተመለሰ። ጋሼ፣ ያጠበችውን ልብስ ዞር ባለች ቁጥር ጭቃ ላይ ተጥሎ የምታገኝ ሴት ምን እንደሚሰማት ገምት። ኮምፒውተሩን በእርግጫ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ቢሮው ይቆለፋል። ቁልፍ ያላቸው ኦቦ ፈዬራና ዶርቃስ ናቸው። ዶርቃስን አታውቃትም፤ የልጆቹን መረጃ የምታስገባዋ ናት፣ ከጉደር በመጀመሪያው ሚኒባስ እየመጣች ከሁላችን ቀድማ የምትደርስ። ኦቦ ፈዬራን ማን ይጠረጥራል? ሰኞ ሰኞ እሷንም ቀድመው ገብተው ብቻቸውን ለሳምንቱ ይጸልያሉ ብለን በሩን እንኳ አናንኳኳም። ደግሞም ትእዛዙን ስጽፍ ብዙ አድራሻ የሚያወጣው የዶርቃስ ኮምፒውተር ነው። እኔም ያየሁትን በሪፖርት ጻፍኩ። የጻፍኩት ስለ ኮምፒውተሩ ነበር፤ እነሱ ያነበቡት ስለ ልጅቷ ነው።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ ዶርቃስ የልጆቹን ስም ለውጭ ሰው እየሸጠች ነው አሉ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቁልፏን ተቀበሏት፣ እስኪጣራ ቤትሽ ቆይ ተባለች። እሷ አላለቀሰችም። የእኔ ሥራ የተሰጠኝን ስም መጻፍ ነው፣ የድሃ ልጅ ስም ማን ይገዛኛል ብቻ አለች። ሠርጓ ለሰኔ ተቆርጦ ነበር። ወሬው ጉደር ከእሷ ቀድሞ ደረሰ፤ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ጉዳዩ እስኪለይ ሠርጉ ይቆይ አሉ። ይቆይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ለፖሊስ ይነገር የሚል ሐሳብም መጣ። ኦቦ ፈዬራ ብቻ ትንሽ እንታገሥ አሉ።

እሷ ቁልፏን ባስረከበች በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሁሉንም እንደገና አጸዳሁ። ሰኞ መብራቱ ዝም ካለ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ካልሆነ ግን ሌላ ሰው አለ። ሰኞ ማለዳ ጥበቃችን ቱፋ ከዶርቃስ በተቀበሉት ቁልፍ በሩን እንዲከፍትልኝ ለመንኩትና ኬብልና የተበላሸ ኪቦርድ በምናስቀምጥበት ዕቃ ክፍል ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። አቧራው እያስነጠሰኝ አፍንጫዬን በጋቢ ይዤ ነበር።

ኦቦ ፈዬራ ገቡ። ባርኔጣቸውን አስቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ቀይ ክር የታሰረበት ፍላሽ አወጡ። ከዶርቃስ ኮምፒውተር ጀመሩ። የይለፍ ቃሉ የሁላችንም አንድ ነው። ፍላሹን ሰኩ፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ እሺ፣ እሺ እያሉ ተጫኑ፣ ጠበቁ፣ ነቀሉት። ከዚያ ከሌላው ኪሳቸው አልኮል የነካ ጥጥ አውጥተው የፍላሹን ጫፍ ጠረጉና ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ሄዱ። እዚያም ሰክተው ሲጨርሱ ጠረጉት።

ጥጡን ሳይ አንተን አየሁህ፣ ጋሼ። መርፌ ከላም ወደ ላም ስታሻግር እንዲሁ ነበር የምትጠርገው።

ወጣሁ። እሳቸው አልደነገጡም። ኢንተላ ኮ፣ አካም ቡልቴ፣ ልጄ እንዴት አደርሽ ብለው ሰላም አሉኝ፤ በዚህ ሰዓት እዚያ ምን እንደምሠራ እንኳ አልጠየቁኝም። ምንድን ነው ስላቸው፣ ተላሊ ነው፣ ክትባት ነው አሉኝ። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ጌዶ በመጡ ጊዜ አንተ እንደሰጠሃቸው ነገሩኝ። ሰኞ ሰኞ፣ ገና ኢንተርኔቱን ሳይቀምሱ፣ የታመመውንም ጤነኛውንም ሳይለዩ መንጋውን ሁሉ መከተብ ነው ብለሃቸዋል። ለዶርቃስ ኮምፒውተር ብዙ መረጃ ስላለበት ሁለት ጊዜ ይሰጡት ነበር። በዚያ በክፉው የከብት በሽታ ዓመት የጎረቤቶቻቸው በሬዎች ሲያልቁ የእሳቸው የተረፉት አንተ ስለከተብካቸው ነው። ወንድምሽ የሰጠኝን እንዴት እጠረጥራለሁ አሉኝ።

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። መሳቅም መጮህም አማረኝ።

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። አንተ ከልክለሃቸዋል። ታናሽ እህቴ ናት፣ ሥራዋ ላይ እጄን ያስገባሁ እንዳይመስላት፣ በልቧ ታዝናለች ብለሃቸዋል። ያኔ ኮምፒውተሮቹ በሌላ ቫይረስ እየታመሙ፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም ያቺ ባለሙያችሁ ምን ትሠራለች ማለት ጀምሮ ነበር። ይህን ለእኔ ማንም አልነገረኝም፤ ለአንተ ግን ኦቦ ፈዬራ ነግረውሃል። እኔ እንዳልባረር ፈርተህ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ንዴቴን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ፍላሹን ተቀብዬ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት። የሻዬ ስኳር ሳይሟሟ ያንን የማናውቀውን አገር መጥራት ጀመረ። ያ አረንጓዴ ምልክት የሚያሳይህ፣ ተጠብቀዋል የሚልህ ፀረ-ቫይረስ፣ እሱ ራሱ ነው በሽታው። ኮምፒውተሩ ሲጫንበት ቀለል የሚለው ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ሌሎቹን ቫይረሶች ያባርራቸዋል፣ ቤቱን ለብቻው ሊይዝ። አንተ የምታየው መባረራቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘውን የኢሜይል አድራሻ ሁሉ ወደ ውጭ ይልካል፣ በባለቤቱ ስምም የፈለገውን ይጽፋል። ባልቴቷን ያሳፈረው እሱ ነው።

ከብት ትከትብ በነበረ ጊዜ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዘህ ነበር የምትዞረው። ከየት እንደመጣ ሳታውቅ አትቀበልም፣ ቀኑ አንድ ቀን ያለፈበትን ክትባት ሰው እያየህ ትደፋው ነበር። አንድ ባላባት ግድ የለም ስጥልኝ ብሎ ቢለምንህ እምቢ ብለህ ተጣልተሃል፤ አባታችን በዚያ ሲኮራ አስታውሳለሁ። ለኮምፒውተር ሲሆን ግን አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አስፋልት ላይ ከተዘረጋ ሲዲ አንሥተህ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን የፕሮግራሙን ቁልፍ ሰብሮ እንዳባዛው ሳትጠይቅ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጠህ፣ ክር አስረህ ሽማግሌ ኪስ ውስጥ ትከታለህ። እጃጂ ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከመንገድ አትግዛ ስልህ በዘመድ ሁሉ ፊት ጉንጬን መታ መታ አድርገህ፣ ይህችን ልጅ ማን አስተማራት ብለህ አሳቅህብኝ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ታዲያ ካስተማርከኝ ለምን አትሰማኝም?

ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስምህን ላለማንሳት ያላሰብኩት መንገድ የለም። ቫይረሱን አግኝቼ አጥፍቻለሁ፣ ከኢንተርኔት የመጣ ነው ብል ማን ይመረምረኛል? ችግሩ ዶርቃስ ናት። ከየት እንደመጣ ካልተነገረ ጥርጣሬው እሷ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ ጉደር ያሉት ሽማግሌዎች ደግሞ አልተረጋገጠባትም በሚል ቃል ሠርግ አይደግሱም። ኦቦ ፈዬራ እንድደብቅላቸው አልጠየቁኝም። ጡረታቸው ደርሷል፣ አንድ ቃል ቢለምኑኝ እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ቢሮአቸውን ከፍተው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር።

ተነሥቼ ፍላሹ ከወንድሜ ነው የመጣው አልኩ። ስምህን ከነአባታችን ስም ጠራሁ፣ የሱቅህንም ቦታ ነገርኳቸው። ዶርቃስ በሩ አጠገብ ሻርፗን እየጠቀለለች እየፈታች ነበር፤ እጇ ሲቆም አየሁ። ወዲያው ኦቦ ፈዬራ ተነሡና በገዛ እጄ የሰካሁት እኔ ነኝ፣ ይህች ልጅም ያቺም ልጅ የሚያውቁት ነገር የለም ብለው ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጥጡንም አብረው አኖሩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወደ እኔ ዞሩ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ አንቺ፣ መድኃኒቱን የሰጠው የአንቺ ወንድም፣ ይህ ሁሉ ወር ሲሰጥ አንቺ አላወቅሽም፣ እኔ እንዲህ ብል ታምኚኛለሽ ወይ አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ በእሳቸው ወንበር ብሆን እኔም ራሴን አላምነውም።

ዶርቃስ ነፃ መሆኗ በማኅተም ተጽፎ ተሰጣት። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አይተው ሠርጉ በቀኑ ይሁን ብለዋል። እስከ ሚኒባስ ተራ ሸኘኋት፤ መኪናው እስኪሞላ ድረስ እጄን ይዛ ቆመች።

አሁን የምልህን አድርግ። ያንን ፍላሽና የቀሩህን ሲዲዎች ሁሉ ከሱቅህ አውጣ። የሰጠኸውን ሰው አስታውስ፤ ከእጃጂ እስከ አዲስ ዓለም ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ፎቶ ቤቱም አለበት። በስልክ አትንገራቸው፤ እንዳንተው ይስቃሉ። ሂድና በአካል ንገራቸው። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ይንቀሉ፣ ከዚያ እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው። ክትባት ብዬ የሰጠኋችሁ በሽታ ነው በላቸው፣ በዚሁ ቃል። ታፍራለህ፣ አውቃለሁ። እኔም አፍሬያለሁ፤ አንሞትም። የታመመ ከብት ደብቆ ገበያ ያወጣን ሰው ምን ትለው እንደነበር ታውቃለህ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ዓርብ ዕለት አንድ ወረቀት ደርሶኛል፤ እሱን ስመጣ እናወራዋለን። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ለኦቦ ፈዬራ አስረክቤ ፈርሜያለሁ፤ ከእንግዲህ የሰኞው ጸሎት ላይ የለሁም። ሊመርቁኝ ጀምረው ነበር፣ መጨረስ አቃታቸው። እሳቸውን ምንም እንዳትላቸው፤ በፈገግታም ቢሆን አታንሣባቸው።

ሱቅህ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ አጽዳልኝ። የአንተን ኮምፒውተር አይደለም፣ ጠረጴዛውን ብቻ። የአልጋ ልብስ ይዤ ስለምመጣ ባለቤትህ እንዳትቸገር። ተናድጄብሃለሁ፣ ገና ብዙ ጊዜ እናደድብሃለሁ፤ ለእኔ ብለህ እንዳደረግከው ግን አልጠፋኝም። እንዳታለቅስ፣ በተለይ በልጆቹ ፊት።

ጌታ ቤትህን ይባርክ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ለእማዬ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ለምን መጣች ስትልህ ለእረፍት ናት በላት። እስከ መቼ ካለችህ ግን አንተ አታውቅም።

ታናሽ እህትህ